የማስጠንቀቂያ ሚዛን፦ የሎግ ደረጃዎች ታሪክ እስከ ጊዳ አያና

በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለጋሾችን አዲስ አበባ ላይ ሰብስቦ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በረሃብ አደጋ ላይ መሆኑን ነገራቸው። ኮሚሽነሩ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። ኮሚሽኑ የዝናቡን፣ የሰብሉንና የገበያውን ሁኔታ የሚከታተል የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ነበረው። ለጋሾች ግን ቁጥሩ ተጋንኗል ብለው ተጠራጠሩ፤ ደርግም በመስከረም 1977 ለሚከበረው ለ10ኛው የአብዮት በዓል ሽር ጉድ ላይ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን ሲያስደነግጥ፣ ማስጠንቀቂያው ከተሰጠ ሰባት ወር ሊሞላው ነበር።

መልእክቱ ተጽፎ ነበር፣ ተነግሮም ነበር። ሰሚዎቹም ሰምተውታል። ያልነበረው፣ ተናጋሪውና ሰሚው አስቀድመው የተስማሙበት ሚዛን ነው። ቁጥሩ እዚህ ሲደርስ ይህ ይደረጋል፣ እዚያ ሲደርስ ደግሞ ማንም ቢሆን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይችልም የሚል የጋራ ቃል አልነበረም። ስለዚህ አንዱ “አስቸኳይ” ያለውን ሌላው “እንደ ሁልጊዜው” ብሎ አነበበው። ይህ ችግር የረሃብ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ወይም አንድ መሣሪያ ያየውን ጽፎ ለሌላው በሚያስተላልፍበት ቦታ ሁሉ አለ። ከዚህ በታች የምተርከውም ይኸው ችግር በኮምፒውተር ዓለም እንዴት እንደተፈታ፣ መፍትሔው እንዴት እንደተበላሸና እንደተቃና፣ በመጨረሻም ወለጋ ድረስ እንዴት እንደደረሰ ነው።

ረሃቡ ለወለጋ ሌላ ነገር አስከትሏል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ገደማ ሰው ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ አሰፈረ፤ ወለጋ ዋና ዋና ከነበሩት ተቀባዮች አንዱ ነበር። ከነቀምቴ ወደ ሰሜን፣ የአንገርን ሸለቆ ተሻግሮ ጊዳ አያና ወረዳ ውስጥ ያለው አንገር ጉቲን በሰፈራ ከሚታወቁት ቦታዎች አንዱ ነው። መሬቱ ለም ነው፤ ውሃውም አይጠፋም። ሙቀቱና ውሃው ግን ለወባ ትንኝም ይስማማሉ። ከደጋ ለወረደ፣ በሽታውን ለመቋቋም ሰውነቱ ላልለመደ ሰው ወባ ሌላ መዓት ነበር። የአንገር ሸለቆ ሳምንት በሳምንት ሊቆጠር፣ ሊመዘንና ሊነገር የሚገባው ነገር ያለበት አገር ሆነ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ስምንቱ ደረጃዎች

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ፣ ኤሪክ ኦልማን የተባለ ፕሮግራመር ሴንድሜይል የሚባል የኢሜይል ማመላለሻ ሶፍትዌር እየሠራ ነበር። ኢሜይል ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሄድ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ይመለሳል፣ ይዘገያል። ፕሮግራሙ የሚሠራው ደግሞ ከበስተጀርባ ነው፤ ስህተቱን የሚያሳየው ሰው ፊቱ ላይ የለም። ስለዚህ ያየውንና ያደረገውን መስመር በመስመር የሚጽፍበት ማስታወሻ፣ ዛሬ ሁላችንም ሎግ የምንለው፣ አስፈለገው። ኦልማን ለዚህ ሥራ ሲስሎግን ፈጠረ። ለሴንድሜይል የተሠራውን ነገር ሌሎች ፕሮግራሞችም ወደዱት፤ ብዙም ሳይቆይ የዩኒክስ ሲስተሞች የጋራ መዝገብ ሆነ።

የሲስሎግ ትልቁ ፍሬ መዝገቡ ሳይሆን ሚዛኑ ነው። እያንዳንዱ መልእክት ከ0 እስከ 7 ከተቆጠሩ ስምንት የክብደት ደረጃዎች አንዱን ይዞ ይሄዳል። 0 ሲስተሙ ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል ማለት ነው። 1 አሁኑኑ እርምጃ ይወሰድ ይላል። 2 ጽኑ ሁኔታ ነው፤ 3 ስህተት፤ 4 ማስጠንቀቂያ። 5 የተለመደ ቢሆንም ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ 6 ተራ መረጃ፤ 7 ፕሮግራመሩ ብልሽት ሲፈልግ ብቻ የሚያነበው ዝርዝር፣ ማለትም ዲበግ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ነገሩ ይከብዳል።

ከክብደቱ ጋር አንድ ሌላ ነገር ይጻፋል፦ የመልእክቱ ምንጭ። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል 0 ነው፤ ኢሜይል 2፤ የመግቢያ ፈቃድ የሚያጣራው ክፍል 4። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ለማስተላለፍ ምንጩ በ8 ይባዛና ክብደቱ ይደመርበታል። ስለዚህ ከመልእክቱ ፊት 34 የሚል ቁጥር ያየ አስተዳዳሪ 34ን ለ8 ያካፍላል፤ 4 ደርሶት 2 ይተርፈዋል። ምንጩ የመግቢያ ፈቃድ ክፍል ነው፤ ክብደቱ ጽኑ። አንድም ቃል ሳያነብ፣ ምናልባት አንድ ሰው የማይገባው ቦታ ለመግባት እየሞከረ እንደሆነ ይጠረጥራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ውሳኔ የአስተዳዳሪው ነው። በአንዲት የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የኢሜይል ስህተቶች በአንድ ፋይል እንዲጻፉ፣ ደረጃ 0 የሆነ ነገር ሲመጣ ደግሞ ሲስተሙ ላይ ባለው ተጠቃሚ ሁሉ ስክሪን ላይ እንዲወጣ ያዛል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የሆነውን ነገር ነው፤ ክብደቱን እሱ ይመድባል። አስተዳዳሪው የሚያውቀው የመሥሪያ ቤቱን ሁኔታ ነው፤ ለማን ይነገር የሚለውን እሱ ይወስናል። የሥራ ክፍፍሉ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ በሎግ ታሪክ ውስጥ የተፈጠረው አብዛኛው ችግር ይህ ክፍፍል ሲፈርስ የመጣ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሲስሎግ ሃያ ዓመት ገደማ የኖረው በልማድ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የኢንተርኔት መሐንዲሶች ልማዱን አርኤፍሲ 3164 በተባለ የቴክኒክ ሰነድ መዘገቡት፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በአርኤፍሲ 5424 መደበኛ አደረጉት። ስምንቱ ደረጃዎች አልተነኩም።

ከዙሪክ የመጣው ላይብረሪ

እ.ኤ.አ. በ1996 የአውሮፓ ኅብረት ሴምፐር የተባለ፣ አስተማማኝ የኤሌክትሮኒክ ግብይት ላይ የሚሠራ የምርምር ፕሮጀክት ነበረው። የፕሮጀክቱ ሰዎች ለራሳቸው የሎግ መጻፊያ ኮድ ጻፉ። ያ ኮድ ብዙ ጊዜ ተከልሶ፣ ዙሪክ በሚገኘው የአይቢኤም ምርምር ማዕከል ይሠራ በነበረው በጄኪ ጉልጁ እጅ አድጎ ሎግ4ጄ ሆነ፤ በኋላም ክፍት ሶፍትዌሮችን ወደሚያስተዳድረው አፓቼ ፋውንዴሽን ተዛወረ። ለጃቫ ቋንቋ የተሠራ ላይብረሪ ነው።

ሎግ4ጄ ደረጃዎቹን ወደ አምስት አወረደ፦ ዲበግ፣ ኢንፎ፣ ዋርን፣ ኤረር፣ ፌታል። ከዲበግም የረቀቀው ትሬስ በኋላ ተጨመረ። ዋናው አዲስ ነገር ግን የሎጎቹ ዝምድና ነው። እያንዳንዱ የፕሮግራም ክፍል በራሱ ስም ይጽፋል፤ ስሞቹም እንደ ቤተሰብ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳሉ። የላይኛው “ከዋርን በታች አልሰማም” ካለ ሥሩ ያሉት ሁሉ ይከተሉታል፤ አንዱን ልጅ ብቻ ለይቶ “አንተ እስከ ዲበግ ተናገር” ማለትም ይቻላል። ሰርቨሩ ሳይዘጋ፣ ኮዱ ሳይነካ፣ የተጠረጠረው ክፍል ብቻ እንዲናገር ማድረግ ተቻለ። ሌሊት ላይ ሰርቨር ሲወድቅ ላየ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ መንገር አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ላይብረሪ ከፕሮግራም የሚለይበትን ነገር ልብ እንበል። ላይብረሪ ራሱን ችሎ አይሠራም፤ ሌሎች በፕሮግራማቸው ውስጥ ያስገቡታል። ጸሐፊው ኮዱ የት እንደሚሠራ አያውቅም። የባንክ ሰርቨር ላይ ሊሆን ይችላል፤ የሰው ስልክ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ጊዳ አያና ጤና ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ባለ አሮጌ ኮምፒውተርም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ላይብረሪ በሰው ቤት እንግዳ ነው፤ ያየውን ለባለቤቱ ይነግራል እንጂ በሰው ግቢ አይጮህም።

እ.ኤ.አ. በ2002 ጃቫ ስሪት 1.4 የራሱን የሎግ ላይብረሪ ይዞ ወጣ። ጉልጁ ሎግ4ጄ መደበኛው እንዲሆን ቢሟገትም አልተሰማም። አዲሱ ላይብረሪ ሲቪርን፣ ዋርኒንግን፣ ኢንፎን፣ ኮንፊግን፣ ከዚያም ፋይን፣ ፋይነርና ፋይነስት የሚሉ ሦስት የረቀቁ ደረጃዎችን አመጣ። ሚዛን ሁለት ሆነ። አንድ ፕሮግራም ውስጥ የገቡ ላይብረሪዎች በየራሳቸው መንገድ መጻፍ ጀመሩ፤ ባለቤቱ አንዱን ዝም ሲያሰኝ ሌላው ይቀጥላል፤ የአንዱ ፋይን ከሌላው ዲበግ ጋር እኩል ይሁን አይሁን የሚነግረው የለም። ጉልጁ ቆይቶ ለዚህ መላ አበጀ፤ ኤስኤልኤፍ4ጄ ይባላል። ራሱ ምንም አይጽፍም፤ ላይብረሪው ለእሱ ይነግረዋል፣ እሱ ደግሞ የፕሮግራሙ ባለቤት ለመረጠው መዝጋቢ ያስተላልፋል። ላይብረሪው መናገሩን አላቆመም፤ የት እንደሚጻፍ መወሰኑን ግን ተወ።

በፓይተን ቋንቋም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2002 ትሬንት ሚክና ቪናይ ሳጂፕ ያቀረቡት ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቶ በ2003 ከፓይተን 2.3 ጋር ወጣ። ደረጃዎቹ በቁጥር ተቀመጡ፦ ዲበግ 10፣ ኢንፎ 20፣ ዋርኒንግ 30፣ ኤረር 40፣ ክሪቲካል 50። ከሲስሎግ በተቃራኒ እዚህ ቁጥሩ ሲበዛ ነገሩ ይከብዳል። ባለቤቱ ምንም ካላዘዘ የሚሰማው ከ30 ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ላይ ግን አንድ ጉድለት ነበር፤ ላይብረሪው ሲናገር የሚቀበለው ከሌለ፣ “ተቀባይ አልተገኘም” የሚል ወቀሳ በተጠቃሚው ስክሪን ላይ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ምንም የማያደርግ፣ መልእክቱን ተቀብሎ ዝም የሚል ተቀባይ ወደ ፓይተን ተጨመረ። የፓይተን መመሪያም እስከ ዛሬ ለላይብረሪ ጸሐፊዎች እንዲህ ይመክራል፦ ይህን ዝምተኛ ተቀባይ ብቻ አስቀምጡ፤ ሌላውን ለፕሮግራሙ ባለቤት ተዉለት።

30 ደቂቃ እና አንድ ሳምንት

ወደ ወለጋ እንመለስ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎችን የምትቆጣጠርበት አሠራር እንደ አዲስ ተዋቀረ። አዲሱ መመሪያ በሽታዎችን በሁለት ከፈላቸው። እንደ ኮሌራ፣ ኩፍኝ፣ ቢጫ ወባ፣ አባ ሰንጋና የእብድ ውሻ በሽታ ያሉት ወዲያውኑ ይነገራሉ፦ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ፌዴራል፣ በእያንዳንዱ እርከን ሌላ 30 ደቂቃ። እንደ ወባ፣ ተስቦና የማጅራት ገትር ያሉት ግን ከሰኞ እስከ እሑድ ተቆጥረው በሳምንት አንድ ጊዜ ይላካሉ።

ይህ የተካነ የሎግ ንድፍ ነው፤ የነደፉት ሰዎች ግን ሎግ ነው ብለው አልሠሩትም። ኬላ ላይ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ኮሌራ ክብደት እንድትከራከር አይጠበቅባትም፤ ደረጃው አስቀድሞ ተወስኗል። አንድ የተጠረጠረ የኮሌራ በሽተኛ አየች ማለት ስልክ ታነሳለች ማለት ነው። ወባን በተመለከተ ደግሞ አንድ ታማሚ መምጣቱ በአንገር ሸለቆ ተራ መረጃ ነው። ወረርሽኝ የሚሆነው ከገደቡ ሲያልፍ ነው። ገደቡ የሚወጣው ያለፉትን 5 ዓመታት የዚያው ሳምንት ቁጥሮች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ ሦስተኛውን ሩብ በማየት ነው፤ የ5 ዓመት መረጃ ለሌለው ቦታ ደግሞ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት እጥፍ በመሆኑ ይታወቃል። ከ1976ቱ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። ማንም “ተጋንኗል” ወይም “ቀላል ነው” ከማለቱ በፊት መለኪያው በወረቀት ሰፍሯል።

አንድ ሪፖርት፣ አምስት ደረጃ

እንዲህ ያሉ የጤና ቁጥሮችን የሚሰበስብ ሶፍትዌርም አለ። በደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ መውደቅ በኋላ የወረዳ ጤና መረጃን ለማሰባሰብ የተጀመረው ሶፍትዌር በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት በጃቫ እንደ አዲስ ተጽፎ ዲኤችአይኤስ2 ሆነ። ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ብሔራዊ የጤና መረጃ ሥርዓቱን በዚህ ሶፍትዌር ላይ አደረገ። ዛሬ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ “ዲኤችአይኤስ ገብቷል?” ብሎ ሲጠይቅ የወሩን ሪፖርት ማለቱ ነው።

ዲኤችአይኤስ2 ልክ እንደ ማንኛውም ትልቅ የጃቫ ፕሮግራም በብዙ ላይብረሪዎች የተሠራ ነው፤ ሎጉንም በሎግ4ጄ በኩል ይጽፋል። ዋናው ሎግ በአንድ ፋይል፣ ሪፖርቶችን የሚያጠቃልሉት ሥራዎች በሌላ ፋይል ይጻፋሉ፤ አስተዳዳሪው ካልቀየረው አንድ ፋይል 100 ሜጋባይት ሲሞላ ሌላ ይከፈታል።

አንድ የጤና ጣቢያ ሪፖርት ሲገባ በቅርብ እንየው። የሪፖርቱ ፋይል ተከፍቶ መስመሮቹ መነበብ ሲጀምሩ ይህ ዲበግ ነው፤ በጤናማ ቀን ማንም አያነበውም። ሪፖርቱ ሙሉ ሆኖ ገባ፦ ኢንፎ፤ ነገ “መቼ ደረሰ?” ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል። ቀኑ አልፎ ቢመጣም ተመዝግቧል፦ ዋርን፤ ሥራው አልተበላሸም፣ ግን አንድ ሰው በሥራ ሰዓት ሊያየው ይገባል። የአንዱ ጤና ኬላ ኮድ በዝርዝሩ ውስጥ ስላልተገኘ ቁጥሩ አልተመዘገበም፦ ኤረር፤ የአንድ ቀበሌ ታማሚዎች ከድምሩ ጎድለዋል፣ ካልተስተካከለም ገደቡ ሲታለፍ አይታይም። ዳታቤዙ አይከፈትም፦ ፌታል፤ ምንም ሪፖርት አይገባምና ሰው ከእንቅልፉ ይነሳ።

ብዙ ፕሮግራመር የሚሳሳተው በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ነው። የዘገየውን ሪፖርት ኤረር ብሎ የጻፈ ሰው ሎጉን በኤረር ይሞላዋል። ወሩ ባለቀ ቁጥር መቶ ኤረር የሚያይ አስተዳዳሪ በሦስተኛው ወር ማየቱን ይተዋል። ያን ጊዜ የጎደለው ቀበሌ ኤረር በመቶዎቹ መካከል ይቀበራል። ደረጃን ማጋነን ጥንቃቄ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን መልእክቱን እንደ መደበቅ ነው።

ሎግን የሚሞላ ሌላም ነገር አለ፤ የመስመር መቋረጥ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መንግሥት በምዕራብ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት አቋረጠ፤ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ስልክ የሚሠራው በትልልቅ ከተሞች ብቻ እንደነበር ነዋሪዎች ተናግረዋል። አገልግሎቱ የተመለሰው በመጋቢት ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ ማንኛውም ሶፍትዌር ሊያስብበት የሚገባ ነው። የዲኤችአይኤስ2 የመረጃ ማስገቢያ ገጽ መስመር ሲጠፋ የተሞላውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ያቆያል፤ መስመር ሲመጣ እንዲላክ ያደርጋል። ሎግም እንዲሁ መሆን አለበት። በየጥቂት ሰከንዱ “ሰርቨሩ አልተገኘም” እያለ የሚጽፍ ላይብረሪ በሳምንታት ውስጥ አሮጌውን ዲስክ ሊሞላ ይችላል፣ ዲስኩ ሲሞላ ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ ሊቆም ይችላል። በመዘጋት የጀመረ ችግር በሎግ ይከፋል። ጥሩ ላይብረሪ መጀመሪያ ሲቋረጥ አንድ ጊዜ ዋርን ይጽፋል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ መስመሩ ሲመለስ ደግሞ ከመቼ እስከ መቼ እንደተቋረጠና ስንት ሙከራ እንደከሸፈ በአንድ መስመር ይናገራል። እንደ ወለጋ ላለ፣ መስመር መጥፋቱ የኑሮ አካል ለሆነበት አገር የሚጽፍ ሰው መቋረጥን እንደ ፌታል ሊቆጥረው አይገባም፤ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባ የዘወትር ሁኔታ ነው።

መዝጋቢው ትእዛዝ ሲቀበል

እስከዚህ የተነገረው መልእክትን ማጋነንና ማብዛት የሚያመጣው ጉዳት ነው። በ2014 ዓ.ም. ግን ከሁሉ የከፋ ነገር ታየ። ኅዳር 15 ቀን የአሊባባ ክላውድ የደኅንነት ባለሙያ ቼን ዣኦጁን ሎግ4ጄ 2 ውስጥ ያገኘውን ክፍተት ለአፓቼ አሳወቀ፤ ኅዳር 30 ነገሩ ለዓለም ይፋ ሆነ። ሎግ4ሼል ተባለ፤ የአደጋው ነጥብ ከ10 ላይ 10 ተሰጠው።

ክፍተቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ከተጨመረ አንድ ምቾት ነው። ሎግ4ጄ መልእክት ውስጥ ልዩ ቅንፍ ካየ ቅንፉ ውስጥ ያለውን እንደ ጥያቄ ወስዶ መልሱን ፈልጎ ይተካው ነበር፤ መልሱን ለማግኘትም እስከ ሩቅ ሰርቨር ሄዶ ኮድ አምጥቶ ማስኬድ ይችል ነበር። አንድ አጥቂ ያንን ቅንፍ የተጠቃሚ ስም መጻፊያው ላይ ወይም በጨዋታ ቻት ላይ ይጽፋል። ፕሮግራሙ በቅን ልቦና “ይህ ስም ለመግባት ሞከረ” ብሎ ለሎግ4ጄ ይሰጠዋል። ሎግ4ጄ መጻፉን ትቶ ይታዘዛል። ማይንክራፍት የሚባለው ጨዋታ የሚሠራባቸው ሰርቨሮች በቻት መልእክት ብቻ የተያዙት በዚህ መንገድ ነው።

አፓቼ በአንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ማስተካከያዎችን ተከታትሎ አወጣ፤ የመጀመሪያው ሁሉን አልዘጋምና ከ2.15.0 እስከ 2.17.1 መድረስ አስፈለገ። የዲኤችአይኤስ2 ቡድንም ለሚጠቀሙት አገሮች ሁሉ የታረሙ ስሪቶች አወጣ። በዓለም ያሉ የሰርቨር አስተዳዳሪዎች የፈረንጆቹን ገና እንደ ሥራ ቀን አሳለፉት።

ስህተቱ የነበረው ከሚዛኑ ሳይሆን ከመዝጋቢው ነው። መዝጋቢ የሚሰማውን ይጽፋል፤ የሚጽፈውን አይፈጽምም። ከውጭ የመጣ ቃል ሁሉ፣ ስምም ይሁን አድራሻ፣ ለመዝጋቢው ፊደል ብቻ ነው። ከዚያ ጋር አንድ ሌላ ጥንቃቄ ይመጣል። ወደ ሎግ የገባ ነገር ብዙ ሰው ያየዋል፣ ይገለበጣል፣ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ የይለፍ ቃል፣ የታማሚ ስምና የምርመራ ውጤት በምንም ደረጃ፣ በዲበግም ቢሆን፣ ሊጻፍ አይገባም። የኮዱ ቁጥር ይበቃል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያውያን የመዝገብን ዋጋ በሌላ መልኩ አዩ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በጥገናና ፍተሻ ሥራ ወቅት ተዛብቶ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣት ቻሉ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው በዚያ ሰዓት 490 ሺህ ገደማ ግብይት ተካሂዷል፣ ያለአግባብ የወጣውም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። አብዛኛው ሊመለስ የቻለው እያንዳንዱ ግብይት በማን ሒሳብ፣ መቼ፣ ስንት ብር እንደሆነ ተመዝግቦ ስለነበር ነው። ባንኩ ያልመለሱትን ስም ዘርዝሮ እስከ መለጠፍ የደረሰው በዚህ መዝገብ ላይ ቆሞ ነው።

የወባው ዓመት

እ.ኤ.አ. በ2024 ወባ በኢትዮጵያ ገነነ። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ታማሚዎችና 1,157 ሞት መመዝገቡን አስታወቀ። ከታማሚዎቹ 44 በመቶው በኦሮሚያ ነበሩ፤ ምዕራብ ኦሮሚያ፣ ወለጋን ጨምሮ፣ ክፉኛ ተጎድቷል። በአካባቢው በነበረው ግጭት ምክንያት ጤና ተቋማት የተዘጉባቸው፣ አጎበርና መድኃኒት ያልደረሱባቸው ቦታዎች ነበሩ።

ያ 7.3 ሚሊዮን በአንድ ቀን የተሠራ ቁጥር አይደለም። ከየጤና ኬላው ወጥቶ፣ በየጤና ጣቢያው ተደምሮ፣ ሳምንት በሳምንት የገባ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ወደ ሶፍትዌር ሲገባ ሶፍትዌሩ “ገባ”፣ “ዘገየ”፣ “አልተመዘገበም” እያለ ይጽፋል። ከጊዳ አያና የአንድ ቀበሌ ቁጥር በኮድ ስህተት ቢጎድል፣ መጉደሉን የሚነግረው ያ አንድ የኤረር መስመር ነው። አንባቢው ያን መስመር የሚያምነው ጸሐፊው ትናንትና ከትናንት ወዲያ ኤረር ያልሆነውን ኤረር ሳይለው ከኖረ ብቻ ነው። የ1976ቱ ማስጠንቀቂያ ያጣው መታመን ዛሬ በእንደዚህ ባለ ትንሽ ታማኝነት፣ መስመር በመስመር፣ ይገነባል።

በነቀምቴው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩት ወጣቶች ነገ የአገራችንን የጤና፣ የባንክና የትምህርት ሶፍትዌር ይጽፋሉ፤ ብዙዎቹም ሌሎች በፕሮግራማቸው የሚያስገቡትን ላይብረሪ ይጽፋሉ። ለእነሱ የምለው አጭር ነው። አንድ የሎግ መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ማን እንደሚያነበውና አንብቦ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። ማንም ምንም የማያደርግበት ከሆነ ዲበግ ነው። ነገ ለሚመጣ ጥያቄ መልስ ከሆነ ኢንፎ ነው። በሥራ ሰዓት ሊታይ የሚገባው ዋርን ነው። አንድ ነገር ጠፍቶ ከሆነ ኤረር ነው፤ የጠፋው ምን እንደሆነ፣ የማን እንደሆነና እንዴት እንደሚመለስ አብሮ ይጻፍ። ሰው ከእንቅልፉ የሚነሳበትን ለፌታል ብቻ አስቀምጡት። ከዚያም ክብደቱን መድባችሁ ውሳኔውን ለባለቤቱ ተዉለት፤ ሰርቨሩም፣ ሌሊቱም፣ ኃላፊነቱም የእሱ ነውና።